የአራስ ቤት ሥርዓትና ጡት ብቻ ማጥባት፦ ከአራዳ ሰፈሮች የተገኘ ትዝብት

(ለእርዳታና ለሰፈራ ሥራ ባልደረቦች ከተሰጠ ንግግር)



ስለ ድርቅና ስለ ሰፈራ በሚመክር ስብሰባ ላይ ስለ እናት ጡት እንድናገር መጋበዜ ለአንዳንዶቻችሁ እንግዳ ሳይመስል አልቀረም። እህል በኩንታል፣ ዘይት በሊትር፣ ድንኳን በቁጥር በሚመዘገብበት ሥራ ውስጥ የጡት ወተት የሚሠፈርበት ቁና የለም፤ ወደ መጋዘን አይገባም፣ ከመጋዘንም በደረሰኝ አይወጣም። ይሁን እንጂ አንድ ቤተሰብ በድርቅም ሆነ በሌላ ምክንያት ከቀዬው ተነሥቶ ወደ ሌላ ስፍራ ሲዛወር በቶሎ ከሚናጉት ነገሮች አንዱ ከስድስት ወር በታች ያለው ሕፃን አመጋገብ ነው። ሲናጋም ድምፅ አያሰማም፤ በሳምንታዊው መግለጫ ላይ የሚታየውም ተቅማጥ በሚል ስም ተመዝግቦ ነው።

ንግግሬን የምመሠርተው በአንድ አካባቢ ላይ ነው፤ ይኸውም ተወልጄ ባደግሁበት፣ ኋላም በነርስነት ብዙ ዓመት ቤት ለቤት በተመላለስሁበት በአራዳና በፒያሳ ሰፈሮች ላይ ነው። ይህን የመረጥሁት በሁለት ምክንያት ነው። የጎጂ ልማድ ነገር በተነሣ ቁጥር ጣታችንን ወደ ገጠር የመቀሰር አመል አለብን፤ ከቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን ደወል ሥር፣ ከመድኃኒት ቤትና ከሐኪም ቤት በእግር በሚደረስበት ርቀት የሚኖር ሰውም ያንኑ ልማድ ይዞ እንደሚኖር ለማሳየት እፈልጋለሁ። ሁለተኛው ምክንያት፣ የአራዳ ሰው ራሱ ከሰፈሩ ተነሥቶ ሰፋሪ ከሆነ ገና ጥቂት ዓመት የሆነው መሆኑ ነው። ወደዚህ ኋላ እመለስበታለሁ።

በመጀመሪያ ስለ ቃሉ። ጡት ብቻ ማጥባት ስንል ሕፃኑ ከተወለደበት ሰዓት አንሥቶ ስድስት ወር እስኪሞላው ድረስ ከእናት ጡት ወተት በቀር ሌላ ምግብም ሆነ መጠጥ፣ ውሃም ጭምር፣ አለመስጠት ማለታችን ነው። ሐኪም ያዘዘው መድኃኒትና ሕይወት አድን ንጥረ ነገር ብቻ ከዚህ ውጭ ናቸው። ቀድሞ ሲሰጥ የነበረው ምክር ከአራት እስከ ስድስት ወር የሚል ነበር፤ በ1993 ዓ.ም. የዓለም ጤና ጉባኤ ስድስት ወር ሙሉ እንዲሆን ወሰነ። አገራችንም በ1996 ዓ.ም. ባወጣችው የሕፃናት አመጋገብ ስትራቴጂ ይህንኑ ተቀብላለች። በስድስት ወር የሚያበቃው «ብቻ» የሚለው ቃል እንጂ ማጥባቱ አይደለም፤ ማጥባቱ ከተጨማሪ ምግብ ጋር እስከ ሁለት ዓመትና ከዚያም በላይ ይቀጥላል።

በየጊዜው በተካሄደው አገር አቀፍ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት መሠረት ከስድስት ወር በታች ካሉት ሕፃናት መካከል ጡት ብቻ የሚጠቡት በ1997 ዓ.ም. ከመቶ 49፣ በ2003 ዓ.ም. ከመቶ 52፣ በ2008 ዓ.ም. ከመቶ 58፣ በ2011 ዓ.ም. ደግሞ ከመቶ 59 ነበሩ። ዕድገት መሆኑ አይካድም፤ ግን አዝጋሚ ነው። በአንጻሩ ገና እንደተወለዱ ከጡት በፊት ሌላ ነገር እንዲቀምሱ የሚደረጉት ሕፃናት በ2003 ዓ.ም. ከመቶ 27 የነበሩ ሲሆን በ2008 ዓ.ም. ወደ 8 ወርደዋል። እነዚህን ሁለት ረድፎች አጠገብ ለአጠገብ አድርጎ የሚመለከት ሰው አንድ ነገር ሊያስተውል ይገባዋል። አንዱ ልማድ በአምስት ዓመት ውስጥ ተንዶ ሳለ ሌላው ከቦታው ብዙም አልተንቀሳቀሰም። ስለዚህ «ባሕል» ብለን በአንድ ቃል የምንጠቀልለው ነገር አንድ ወጥ አይደለም ማለት ነው።

አሁን ወደ አራስ ቤት እንግባ።

በልጅነቴ የማውቀው የአራዳ አራስ ቤት አንድ ክፍል ነበር። በ1967 ዓ.ም. ትርፍ ቤቶች ሲወረሱ የቀበሌ ከሆኑት ቤቶች አንዱ ሲሆን፣ በአንድ ግቢ ስድስትና ሰባት ቤተሰብ፣ አንድ የውሃ ቧንቧና አንድ የጋራ መጸዳጃ ነበረው። ሴትዮዋ ምጥ ሲይዛት ግቢው ሁሉ «ማርያም ማርያም» ይላል፤ ስትገላገል እልልታው ይቀልጣል፤ ገንፎ ይገነፋል፤ የሚመጣው ሁሉ «እንኳን ማርያም ማረችሽ» ይላል። ከዚያ በኋላ ለወንድ አርባ፣ ለሴት ሰማንያ ቀን፣ ክርስትና እስኪነሣ ድረስ አራሷ ብቻዋን አትተውም። ብርድና ምች እንዳያገኛት መጋረጃ ይጋረዳል፤ አጥሚቱ፣ ቅንጬው፣ የዶሮ መረቁ ከየቤቱ ይመጣል። የሰው ዓይን ይፈራልና ሕፃኑ ሲጠባ ነጠላ ጣል ይደረግበታል።

በዚህ ቤት ውስጥ ሕፃኑ መጀመሪያ የሚቀምሰው ለጋ ቅቤ ነበር። አያት ወይም አዋላጇ በጣቷ ጫፍ ቆንጥራ ታውጠዋለች፤ አንጀቱ እንዲለሰልስ፣ ጉሮሮው እንዲከፈት፣ ድምፁም እንዲያምር ነው። የመጀመሪያው ቢጫ ወተት ማለትም እንገሩ ቆሻሻ ነው ተብሎ ይታለብና ይደፋል፤ ንጹሑ ወተት እስኪወርድ ሁለትና ሦስት ቀን ሕፃኑ በቅቤና በስኳር ውሃ ይቆያል። የሐኪሙ ትምህርት ደግሞ ተቃራኒውን ይላል። እንገር መጠኑ አነስተኛ ቢሆንም የሕፃኑ ጨጓራም በዚያው ልክ ትንሽ ነው፤ በሽታ ተከላካይ ንጥረ ነገሮችና ቪታሚን ኤ የሞሉበት፣ ከማናቸውም ክትባት የሚቀድም መጠበቂያ ነው። በተወለደ በአንድ ሰዓት ውስጥ ጡት የያዘ ሕፃን የእናቱንም ማኅፀን እንዲኮማተር ያደርጋል፤ ደም መፍሰሱም ይቀንሳል። ቅቤ ግን የጡቱን ቦታ ይይዛል፤ ንጹሕ ካልሆነ ጣትና ዕቃ ጋር ጀርም ይገባል፤ አልፎ አልፎም ወደ ሳንባ ሊወርድ ይችላል።

የነርስነት ትምህርቴን ጨርሼ ወደ ግቢያችን የተመለስሁ ሰሞን ይህን ሁሉ ለአያቴ በአንድ ትንፋሽ ነገርኳት። አያቴ ከመንዝ የመጣች፣ በግቢው የተወለደውን ሁሉ በእጇ የተቀበለች ሴት ነበረች። አዳመጠችኝና «አንቺን ምን አውጬ ያሳደግሁሽ ይመስልሻል? ቅቤ ገዳይ ቢሆን አራዳ ሰው ባልኖረበት ነበር» አለችኝ። መልስ አልነበረኝም። እንዲያውም ዛሬም ቢሆን ለዚህ ጥያቄ በቁጥር የሚሰጠው መልስ አያትን አያሳምንም፤ ያልተረፉት ሕፃናት መጥተው አይመሰክሩምና። ከጥቂት ቀናት በኋላ ግን ወሬ ለወሬ ሲያነሣን «እማማ፣ መንዝ ሳለሽ ላም ስትወልድ እንገሩን ከጥጃው ትከለክሉ ነበርን?» ብዬ ጠየቅኋት። «እንዴት ተደርጎ! እንገሩን ያልጠባ ጥጃ መች ይቆማል?» አለች። አለችና ዝም አለች። ረዥም ዝምታ ነበር። ከዚያ በኋላ በግቢያችን እንገር ሲደፋ አላየሁም፤ ቅቤውን ግን ወዲያው አልተወችም፤ መጠኑን ቀነሰች እንጂ።

ስለ ቅቤ አንድ ነገር ጨምሬ ልለፍ። በከተማችን የቅቤን ማዋጥ ልማድ ያዳከመው የእኔና የባልደረቦቼ ትምህርት ብቻ ነው ብል ሐሰት ይሆንብኛል። አንደኛው ምክንያት መውለጃው ከቤት ወደ ጤና ተቋም መዛወሩ ነው፤ በ2008 ዓ.ም. ጥናት አገር አቀፉ የተቋም ወሊድ ከመቶ 26 ሲሆን በአዲስ አበባ 97 ደርሶ ነበር። አያት ቅቤዋን ይዛ ወደ ማዋለጃ ክፍል አትገባም። በገጠሩም የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች በር እያንኳኩ ያደረጉት ጥረት አለ። ሌላው ምክንያት ግን ገበያው ነው። የሸኖ ቅቤ ነው ተብሎ የተሸጠው ምን እንደተቀላቀለበት የማይታወቅበት ዘመን ስለመጣ፣ ያችው አያት ራሷ «ይህን እንኳ ለሕፃን ለጎልማሳም አላምነው» ማለት ጀመረች። ይህን እንደ ድል መቁጠር ያሳፍራል፤ ሆኖም ሆኗል።

ይልቁን ጠንካራው ልማድ ከመጀመሪያው ቀን በኋላ ያለው ነው። በሁለተኛውና በሦስተኛው ወር ሕፃኑ ማታ ማታ ማልቀስ ይጀምራል። ሆዱን ቁርጠት ይዞታል ይባልና ጤና አዳም በውሃ ተሸልሞ በማንኪያ ይሰጠዋል። ይደርቃል ተብሎ ውሃ ይጨመርለታል። ሰውነቱ እንዲሞላ፣ ሆዱ እንዲለሰልስ ተብሎ የአብሽ ውሃ ይመታለታል። ካስመለሰው እንጥሉ ወርዷል ተብሎ ወደ ቆራጭ የሚወሰድበት ጊዜ ነበር፤ ይህ በከተማው ቀንሷል እንጂ ጨርሶ አልጠፋም። እያንዳንዱ ነገር ጥቂት ነው፤ አንድ ማንኪያ፣ ሁለት ማንኪያ። ነገር ግን በማንኪያ የጠገበ ሕፃን ያንኑ ያህል ጡት አይስብም፤ ያልተሳበ ጡት ደግሞ ወተት ማምረቱን ይቀንሳል። ጡት የሚሠራው እንደ ጎተራ ሳይሆን እንደ ምንጭ ነው፤ በተቀዳ መጠን ይፈልቃል። ስለዚህ «ጡቷ አልበቃውም» የሚለው የጎረቤት ቃል መጀመሪያ ሲነገር ሐሰት ይሆንና፣ በዚያው ምክንያት አብሽ ሲጀመር ከሁለት ሳምንት በኋላ እውነት ሆኖ ያርፋል። ሁሉም «አላልንም ነበርን?» ይላል።

እናትየዋም ራሷ ትጠራጠራለች። ወተቷን በመዳፏ ላይ ጠብ አድርጋ ስታየው ቀጭንና ሰማያዊ የሚመስል ሆኖ ታገኘዋለች፤ ላም ወተት የለመደ ዓይን ይንቀዋል። አንድ ጊዜ ሲጠባ መጀመሪያ የሚመጣው ወተት ቀጭን፣ እየቆየ የሚመጣው ቅባት ያለው ወፍራም መሆኑን፣ ስለዚህም አንዱን ጡት በሚገባ ሳያጠግቡ ወደ ሌላው አለመዝለል እንደሚሻል የሚነግራት የለም። የእናት ጡት ወተት አብዛኛው ክፍል ውሃ ስለሆነ በበረሃ ሙቀት እንኳ ሕፃኑ ተጨማሪ ውሃ እንደማያሻው ብንነግራት ትሰማናለች፤ ከመሸ በኋላ ግን የምትሰማው አጠገቧ ያለችውን ሴት ነው።

ይህን የምለው ከከፍታ ላይ ቆሜ አይደለም። የመጀመሪያ ልጄ ሦስተኛ ወሩን ሲይዝ ሌሊቱን ሙሉ አለቀሰ። ቀን ቀን «ውሃ እንኳ አትስጡ» እያልሁ በየቤቱ የምዞር ነርስ፣ ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ላይ የእናቴን የአብሽ ውሃ በገዛ እጄ ሰጠሁት። ዝም አለ። በማግስቱም ሰጠሁት። በአራተኛው ቀን ተቅማጥ ያዘውና በአንድ ሕክምና ቤት ሁለት ሌሊት አደርን። ልጄ ድኖ አድጓል፤ እኔ ግን ከዚያ ወዲህ እናቶችን «ለምን ሰጠሽ?» ብዬ አልጠይቅም። «ማታ ማን አብሮሽ ያድራል?» ብዬ እጠይቃለሁ።

ስለ ጠበልና ስለ ክርስትና ብዙ ጊዜ ስለምጠየቅ አስተያየቴን በግልጽ ልናገር። በቃሉ ጥብቅ ትርጉም መሠረት አንድ ጉርሻ ጠበልም ሆነ በክርስትና ቀን የሚቀበለው ቅዱስ ቁርባን «ብቻ» የሚለውን ያፈርሳል። እኔ ግን ጉልበታችንን በዚህ ላይ ማባከን የለብንም ባይ ነኝ። በሕይወት አንድ ቀን የሚፈጸም ሥርዓት ሕፃኑን ከጡት አያስተወውም፤ በየቀኑ በጡጦ የሚሰጠው ውሃ ግን ያስተወዋል። ከእናቲቱ እምነት ጋር የተጣላ የጤና ሠራተኛ በሚቀጥለው ሳምንት በሩ አይከፈትለትም። በሌላ በኩል፣ የምታጠባ እናት በጾም እንድትጎዳ የቤተ ክርስቲያኗ ሥርዓት እንደማያስገድድ እየታወቀ ብዙዎቹ ይጾማሉ፤ በዚህ ረገድ አንድ የነፍስ አባት የሚናገሩት ቃል ከእኛ አሥር ስብሰባ ይበልጣል።

ከዚህ ጋር ከተማው ያመጣው አዲስ ልማድ አለ። የዱቄት ወተት ቆርቆሮ የአራስ መጠየቂያ ስጦታ ሆኗል፤ ከውጭ አገር ዘመድ የተላከ ከሆነማ ከቴሌቪዥኑ አጠገብ ይደረደራል። የጡት ወተት ምትክ ምርቶች ንግድ ማስታወቂያን የሚገታው ዓለም አቀፍ ደንብ በ1973 ዓ.ም. የወጣው በየአገሩ እንዲህ ያለው ነገር ምን እንዳስከተለ ስለታየ ነው። ዱቄቱ በራሱ መርዝ አይደለም፤ እናቱ ለሞተችበት ሕፃን ሕይወት ነው። ነገር ግን ንጹሕ ውሃ፣ ነዳጅ፣ የሚቀቀል ጡጦና በየወሩ የማይቋረጥ ገንዘብ ይጠይቃል። ገንዘቡ ሲያልቅ የሚደረገውን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ፤ ማንኪያው ይቀነስና ውሃው ይበዛል። ኤች አይ ቪ በደማቸው ውስጥ ለሚገኝ እናቶችም ቢሆን መድኃኒታቸውን እየወሰዱ ጡት ብቻ ማጥባት እንዲመረጥ የተደረገው በዚህ ምክንያት ጭምር ነው፤ ጡትና ሌላ ምግብ መቀላቀል ከሁሉ የከፋ መሆኑ ታውቋልና። በግቢው ውስጥ ይህን ምሥጢር ይዛ «ለምን አብሽ አትሰጪውም?» ለሚል ጎረቤት መልስ ያጣችውን ሴት ማሰብ ያስፈልጋል።

ስለ ሥራም በአጭሩ። የሠራተኛ ሕጉ በ2011 ዓ.ም. ተሻሽሎ የወሊድ ፈቃዱ ከወሊድ በኋላ 90 የሥራ ቀን ሆኗል፤ ቀድሞ 60 ነበር። የመንግሥት ሠራተኞች ሕግም የሕፃናት ማቆያ እንዲቋቋም ያዛል። መልካም ነው። ነገር ግን ሕጉ የሚደርሰው የሥራ ውል ላላት ነው። አትክልት ተራ በ2012 ዓ.ም. ከፒያሳ እስኪነሣ ድረስ ጎህ ሳይቀድ ሽንኩርትና ጎመን ይዘው ይቀመጡ የነበሩት ሴቶች ልጃቸውን በጀርባቸው አዝለው ይሸጡ ነበር፤ ስለዚህም ያጠቡ ነበር። የቤት ሠራተኛዋ ግን በሠራተኛ ሕጉ አልተካተተችም፤ የአሠሪዋን ልጅ በጡጦ እያጠባች የራሷን ለጎረቤት ትታለች። ከእነዚህ ሁለት ሴቶች መካከል ዘመናዊ ቤት ውስጥ የምትውለው የትኛዋ እንደሆነች ልብ በሉ።

አሁን ወደ ሰፈራው።

በ2016 ዓ.ም. አጋማሽ በኮሪደር ልማት ሥራ ዶሮ ማነቂያና በዙሪያው የነበሩት የፒያሳ ጎጆዎች ፈርሰው ነዋሪው እንደ አራብሳ ወዳሉ የከተማይቱ ዳርቻዎች ተዛውሯል። ስለ ልማቱ አስፈላጊነት ለመከራከር እዚህ አልቆምሁም፤ የድሮው ግቢ መጸዳጃ ምን እንደሚመስል የማውቅ ሰው ነኝና የተሻለ ቤት ማግኘትን አልንቅም። የምናገረው በዚያ ቤት ውስጥ ስላየሁት አንድ ነገር ነው።

ከተዛወሩት ቤተሰቦች መካከል አንዲት የሃያ ሁለት ዓመት ወጣት አራተኛ ፎቅ ላይ በኩሯን ወለደች። በሆስፒታል ወለደች፤ እንገሩን አጠባች፤ ቅቤ አላዋጠችም። በምክር መስጫ ቅጻችን ላይ ሁሉም ሣጥን ትክክል ምልክት ተደርጎበታል። በአምስተኛው ሳምንት ስጠይቃት ሕፃኗ በጡጦ የቀጠነ ዱቄት ወተት ስትጠጣ አገኘኋት፤ የእናቲቱ ጡት ጫፍ ቆስሏል፤ አንዱ ጡቷ ጠጥሮ ትኩሳት አለው። ሕፃኗ ጡቱን በደንብ ጎርሳ አልያዘችም ነበር፤ ጫፉን ብቻ ነበር የምትስበው። በድሮው ግቢ ቢሆን ኖሮ ይህን በመጀመሪያው ቀን አይታ፣ እጇን ሰድዳ፣ «እንዲህ አይደለም ልጄ፣ ወደ አንቺ አስጠጊያት» የምትል ሴት በየበሩ ነበረች። በአዲሱ ሕንፃ ጎረቤት አለ፤ ግን ከሌላ ሰፈር የመጣ ነው፤ ገና ስም አልተዋወቁም። ባልየው ሥራው ፒያሳ በኩል ስለነበር ሌሊት ወጥቶ ሌሊት ይገባል። የእድሩ አባላት በአራት አቅጣጫ ተበትነዋል። ድሮ ግድግዳ የምትጋራቸው እትዬ፣ ጉልበታቸው ስለሚያማቸው አራተኛ ፎቅ መውጣት አይችሉም፤ በሁለት ታክሲ መጥተው ታች ካለው ደረጃ ላይ ተቀምጠው ነበር አራሷን የጠየቋት።

ያን ቀን ሳስብ የዋልሁት ይህን ነው። አያቴን ለማሳመን ዓመታት ፈጀሁ። አሁን ቅቤ የሚያውጥ የለም፤ አብሽ የሚመታም የለም። ነገር ግን አርባ ቀን አልጋ ላይ የሚያቆያት፣ አጥሚቷን የሚያሞቅላት፣ ልጇን ለአንድ ሰዓት ተቀብሎ የሚያስተኛት፣ ጡት እንዴት እንደሚያዝ የሚያሳያትም አብሮ ጠፍቷል። ልማዱን ጎጂና ጠቃሚ ብለን በወረቀት ላይ ለሁለት ስንከፍለው ቀላል ይመስላል፤ በቤት ውስጥ ግን ሁለቱም የሚኖሩት በአንዲት አሮጊት እጅ ላይ ነው።

ልጅቷን በተመለከተ፣ ለጡቷ ሕክምና አስገኝተን፣ በእነዚያው እትዬ ምክንያት ለጊዜው ምድር ቤት ወደሚኖር ዘመድ ቤት ወርዳ ተቀመጠች። ሕፃኗ በቀንና በሌሊት ደጋግማ እንድትስብ እየተደረገ፣ ዱቄቱ በየቀኑ እየተቀነሰ፣ ከሦስት ሳምንት በኋላ ወደ ጡት ብቻ ተመለሰች። የተቋረጠ ወተት በሚገባ ከተሳበ ይመለሳል፤ ብዙ የእርዳታ ሠራተኛ ይህን አያውቅም። እትዬ በዚያው ሰሞን የሸኖ ቅቤ በቅል ይዘው መጥተው ነበር። እኔን ሲያዩ ደንገጥ ብለው «ለእናቲቱ ገንፎ ነው» አሉኝ። ይሁን አልኩኝ፤ ለእናቲቱ ገንፎ ከሆነማ እኔም ጨምሩበት ባይ ነኝ።

ይህ በአንድ ከተማ ውስጥ በታክሲ በሚደረስበት ርቀት የሆነ ነው። በ1977 እና በ1978 ዓ.ም. ወደ 600,000 የሚጠጋ ሕዝብ ከወሎ፣ ከትግራይና ከሰሜን ሸዋ ተነሥቶ ወደ መተከል፣ ወደ አሶሳ፣ ወደ ጋምቤላ፣ ወደ ኢሉባቦርና ወደ ከፋ ሲጓጓዝ፣ ብዙ ቤተሰብ መለያየቱን ታሪኩን የሚያውቅ ሁሉ ያስታውሰዋል። ወባ በሚበረታበት አገር፣ እናቷና አማቷ በሌሉበት፣ የመጀመሪያ ልጇን የወለደችው ሴት ከአራብሳዋ ልጅ ምን ያህል እንደምትብስ ለመገመት አያዳግትም። ከ2013 ዓ.ም. ወዲህ በጦርነትና በድርቅ በተፈናቀሉት ወገኖቻችን መጠለያዎችም ያየነው ከዚህ የተለየ አይደለም፤ በአንድ አዳራሽ ውስጥ ከማይታወቅ ሰው ጋር የተኛች እናት ዓይን ትፈራለች፣ ታፍራለች፣ ጡቷን አትገልጥም።

እንዲህ ባለው ቦታ የመጀመሪያው የርኅራኄ ስሜት የዱቄት ወተት መላክ ነው። ለጋሹ በቅን ልቡ ያመጣዋል፤ እኛም መጋዘን እንዳይባዶ እንቀበላለን። በአደጋ ጊዜ ሕፃናትን ስለ መመገብ የወጣው ዓለም አቀፍ መመሪያ ግን የጡት ወተት ምትክና ጡጦ በጅምላ እንዳይታደል አጥብቆ ያሳስባል፤ የሚሰጠው አንድ በአንድ ተመርምሮ ሌላ መንገድ ለታጣለት ሕፃን ብቻ ነው። «የተራበች እናት ወተት የላትም» የሚለውም አባባል ብዙ ጊዜ ትክክል አይደለም። እጅግ ካልተጎዳች በቀር የተራበች እናት ጡት ለልጇ የሚበቃ ወተት ይሰጣል፤ የሚጎዳው የራሷ አካል ነው። ስለዚህ ምግቡ መሰጠት ያለበት ለእሷ ነው፤ በእሷ በኩል ለሕፃኑ ይደርሳል። ለስድስት ወር ያለፈው ሕፃን የሚሆን ገንቢ ምግብ ሌላ ነገር ነው፤ በዚህ ረገድ አገራችን ገና በ1950ዎቹ ማብቂያ ገደማ ፋፋን ለማዘጋጀት የበቃች ናት።

በተግባር ምን ይደረግ ለሚለው ጥያቄ፣ ትልቅ በጀት የሚጠይቅ ነገር ይዤ አልመጣሁም። ቤት ወይም ድንኳን ሲደለደል በዕጣ ብቻ ከሆነ ነፍሰ ጡርና አራስ ያለበት ቤተሰብ ከሚያውቃት አንዲት አሮጊት ጋር አጠገብ ለአጠገብ እንዲሆን ይደረግ፤ በፎቅ ከሆነም ምድር ቤት ወይም አንደኛ ፎቅ ይሰጣቸው። በመጠለያ ውስጥ እናቶች የሚያጠቡበት የተጋረደ ማዕዘን ይኑር፤ ሁለት ሸራና አራት እንጨት ይበቃዋል። እናቶችን ለትምህርት ስንሰበስብ አማቶችና አያቶች ከበር ውጭ አይቅሩ፤ እንዲያውም መጀመሪያ እነሱ ይጠሩ፣ ቡና ይፈላላቸው፣ ስለ ጥጃውና ስለ እንገሩ ይጠየቁ።

አንድ ነገር ቀረኝ፤ እሱም ስለ ቅጻችን ነው። በቤት ለቤት ምዝገባ ላይ የምንጠይቀው እናቲቱን ነው። «ለልጅሽ ከጡት ሌላ ምን ትሰጫለሽ?» እንላታለን፤ የምንፈልገውን መልስ ስለምታውቀው «ምንም» ትላለች፤ አትዋሽምም፣ እሷ አልሰጠችምና። ደጅ ላይ ፀሐይ የምታሞቀውን አያት ግን የጠየቃት የለም። በአሁኑ ቅጽ ላይ ሁለት መስመር እንዲጨመር ሐሳብ አቀርባለሁ፤ አንደኛው «ትናንት ማታ ሕፃኑን ከእናቱ ሌላ ማን ያዘው? ምን ሰጠው?» የሚል፣ ሁለተኛው «ከዚህ ከመምጣትሽ በፊት ማን ያርስሽ ነበር? አሁን የት ነው ያለው?» የሚል ነው። ረቂቁን በጥቂት ቅጂ አባዝቼ ይዣለሁ፤ ከሻይ ዕረፍት በኋላ አብረን እንድናየውና በሚመጣው ወር ምዝገባ ላይ በአንድ ጣቢያ እንዲሞከር እጠይቃለሁ።